የዘሀራ ደም

ሰኞ
አንዲት ታማሚ በአማርኛ የሚያናግራት ጠፍቶ፣ ከምሠራበት ላቦራቶሪ ወደ ሆስፒታሉ መኝታ ክፍል ጠሩኝ። ዘሀራ ትባላለች፣ የከሚሴ ልጅ፤ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ወደ የመን ልትሻገር በእግሯ ድንበር አቋርጣ ወደዚህ ወደብ ከተማ ስትመጣ ተረከዟ ቆስሎ መግል ይዟል። አብረዋት የመጡት ሆስፒታሉ በር ላይ ጥለዋት ሄደዋል። ገላዋ ይፋጃል። «እትዬ፣ እዚህ ያለሽው ያገር ሰው አንቺ ብቻ ነሽ?» አለችኝ።
አዎ አልኳት። ከሐሙስ ወዲህ አማርኛ ያወራሁት ዛሬ ነው።

ማክሰኞ
ከመግሉ ባክቴሪያ በቀለ። ትንሽ ወስጄ ፕላዝማ ያለበት ቱቦ ውስጥ ጨመርኩና ሙቀት ውስጥ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ ቱቦውን ባዘነብለው አልፈስ አለ። እንደ እርጎ ረግቷል። ባክቴሪያው የሚረጨው ፕሮቲን ነው እንዲህ የሚያደርገው። ይህን ምርመራ ስንቴ ሠርቼ፣ ውጤቱን ጽፌ ምሳዬን በልቻለሁ! ዛሬ አልቻልኩም። በእሷም የደም ሥሮች ውስጥ ይኸው ነው እየሆነ ያለው። ሁለት የእግሯ ጣቶች ጠቁረዋል።

ረቡዕ
መርፌ የተወጋችበት ሁሉ ይደማል። ድዷም።
«ደምሽ ረጋ አላላችሁኝም? ታዲያ ይሄ የሚፈሰው ምንድነው?» አለች ዘሀራ።
ሐኪሙ በፈረንሳይኛ አስረዳ፣ እኔ ተረጎምኩ፤ ደሟ በትንንሾቹ የደም ሥሮች ውስጥ እየረጋ፣ ደም የሚያረጋው ነገር ተሟጦ አልቋል፤ ሌላ ቦታ ሲደማ የሚያቆመው ጠፋ።
«እሞታለሁ?»
ሐኪሙ ምን አለች አለኝ። ፈርታለች አልኩት።
«እኔም» አለ። ይህችን አልተረጎምኩላትም። ያለቀውን እንዲተካላት ፕላዝማ ሰቀሉላት።

ሐሙስ
ከሥራ በኋላ ቤቴ አልገባሁም፤ ማን ይጠብቀኛል? አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሚያስፈልጋት፦ ቀሚስ፣ ሳሙና፣ ሻሽ፣ ብርቱካን (ከበላች)። ለእናቷ እንድንደውል ብጠይቃት እምቢ አለች። ቤተሰቦቿ ጅዳ ገብታለች ብለው ነው የሚያስቡት።
አልፈረድኩባትም። እኔም ድሬዳዋ ላለችው እናቴ ጓደኞቼ ብዙ ናቸው እላታለሁ።
መድማቱ ቀነስ ያለ መሰለኝ። ወይ ስለተመኘሁት ይሆናል።

ዓርብ
ተመስገን! ትኩሳቱ ወርዷል፣ መድማቱ ቆሟል። የጠዋቱን የደም ውጤት ራሴ ሁለቴ አየሁት፤ ተሻሽሏል። ሁለቱ ጣቶች ግን አይተርፉም። እኔው ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። «ከዚህ ስወጣ የት ነው የምገባው?» አለች።
«እኔ ጋ።» አፌ ቀደመኝ። አንድ ክፍል፣ አንድ ፍራሽ ነው ያለኝ። እሺም እምቢም ሳትለኝ እንቅልፍ ወሰዳት።
ወደ ቤት ስመለስ፣ እዚህም ከተማ ባለው ሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ፍራሽ የሚሸጠው ሱቅ ጋ ቆምኩ። ዓርብ፣ እዚህ ሱቅ የሚዘጋበት ቀን መሆኑን ረስቼ፤ ዝግ ነው። ነገ ከሥራ በፊት ይከፍት ይሆን?