ለማጆቼ ስለጨረሷቸው አሥራ ሁለት ነጥቦቼ

ይድረስ ለተከበሩ የመንጃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱልን እላለሁ። መላ አካልዎ፣ በተለይም ነጥብ የሚቀንሱባት ቀኝ እጅዎ፣ በሙሉ ጤና ላይ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። በመኪና ማሠልጠኛ ለሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር የኖርኩት እኔ ታዛዥዎም ደህና ነኝ፤ በእግሬ መሄድ ከጀመርኩ ወዲህ ሱሪዬ ሁሉ ሰፍቶኛል።

ባለፈው ወር ያወጡትን ጠንከር ያለ የነጥብ ደንብ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ። ደንቡ፣ ለማጅ የራሱ መንጃ ፈቃድ ስለሌለው፣ ላጠፋው ጥፋት ነጥቡ አጠገቡ ከተቀመጠው ባለ ፈቃድ ላይ ይቀነሳል ይላል። አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ የሥራዬ ጠባይ ሆኖ ሌላ መቀመጫ የለኝም። ነጥቦቼ በአንድ ሳምንት ያለቁት እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ሰኞ፣ ልብስ ሰፊው ለማጄ በመንገድ ዳር የሚሄድ አንድ ሽማግሌ የለበሰው ካፖርት ስፌቱ ስለማረከው፣ በሽማግሌው እርምጃ ልክ እስከ ገበያው ድረስ ሸኘው። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ሠርግ ይመስል ነበር። ሦስት ነጥብ።

2ኛ. ረቡዕ፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር አደባባይ ውስጥ ገብተው የሚመጡትን መኪኖች ፍጥነትና ርቀት በልባቸው እያሰሉ ዘጠኝ ጊዜ ዞሩ። አሁን ይውጡ ብላቸው፣ “ቆይ፣ ገና አልደረስኩበትም” አሉኝ። አራት ነጥብ።

3ኛ. ዓርብ የጸጉር አስተካካዩ ተራ ነበር። ይህ ሰው ደንበኛውን ባየ ቁጥር መሪውን ለቆ በሁለት እጁ ሰላም ይላል። ስቆጣው “በአንድ እጅ ንቀት ይመስላል” አለኝ። ያስቆመን ትራፊክ ፖሊስም ደንበኛው ኖሮ፣ ሰላምታውን በሁለት እጁ ከመለሰለት በኋላ ከእኔ ላይ አምስት ነጥብ ቀነሰ።

ፈቃዴን ይዤ በመስኮት ቁጥር አራት ስቀርብ፣ ጸሐፊዋ ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ነጥብ የጨረሱ ሰዎች የሚገቡበትን የማንቂያ ሥልጠና ወስጄ እንድመጣ አዘዘችኝ። ሥልጠናው የሚሰጠው በእኛ ማሠልጠኛ ብቻ መሆኑን፣ አሠልጣኙም እኔ ብቻ መሆኔን ባስረዳት፣ ቀና ሳትል “እንግዲያው ይመዝገቡ” አለችኝ። ተመዘገብኩ።

የማሠልጠኛው ባለቤት የሚስቴ ወንድም ነው። በሩን ላለመዝጋት ብሎ፣ አምና ያስተማርኳትንና በአራተኛ ፈተናዋ ያለፈችውን አዋላጅ ነርስ ለምኖ አመጣ። እሷ በእኔ ቦታ፣ እኔ በለማጁ ቦታ ተቀመጥን። ለማጆቼ በሙሉ አጥሩ ላይ ተደርድረው ያያሉ። “ጋሼ፣ አይፍሩ፤ በረጅሙ ይተንፍሱ። ጎሽ። አሁን ይግፉ” አለችኝ። ነዳጅ መስጫውን ማለቷ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዎችን “ምን ያስፈራል?” ስል ኖሬ፣ የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ያን ቀን አየሁት።

ለፈተና ስቀርብ ደግሞ የለመደ እግሬ በቀጥታ ወስዶ ተሳፋሪው ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ፈታኙ ከኋላ ሆነው፣ እኔ ከፊት ሆኜ፣ ባዶውን መሪ ለረጅም ጊዜ አየነው። ከዚያም “ተፈታኙ መኪናውን አላንቀሳቀሰም” ብለው ጻፉ። በሳምንቱ ግን አልፌያለሁ።

አሁን አሥራ ሁለት አዲስ ነጥብ ስላለኝ፣ እንዳይጎድልብኝ የማስተምረው ሞተር አጥፍቼ ነው። ለማጆቼ እንደቆሙ ፍሬቻ ያበራሉ፣ እንደቆሙ ማርሽ ይቀይራሉ። ልብስ ሰፊው አምስተኛ ማርሽ ደርሷል። በዚህ ወር አንድም ጥፋት ስላልተመዘገበብን ደንብዎ ግቡን መቷል ማለት ነው፤ መንዳት የቻለ ሰው ግን እስካሁን አልወጣልንም። የለማጅ ጥፋት ለራሱ ለለማጁ ተመዝግቦ፣ ፈቃድ ባገኘ ቀን ይቀነስበት ዘንድ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ዘወትር በአክብሮት እጅ የሚነሳዎት፣ በቆመ መኪና ውስጥም ቀበቶውን አጥብቆ የሚያስረው፣
ታዛዥዎ አሠልጣኝ

ማስታወሻ፦ ሴት ልጅዎ ትናንት እኛ ዘንድ ተመዝግባለች። ደፋር ልጅ ናት፤ ቀይ መብራትን እንደ አስተያየት ነው የምታየው። በቆመ መኪና መማር ስለሰለቻት፣ ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ አባቷን አጠገቧ አስቀምጣ ከተማውን ልትዞር መወሰኗን በደስታ ነግራኛለች። የማንቂያው ሥልጠና ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይጀምራል፤ ስምዎን ከወዲሁ ጽፌዋለሁ።