አባባ ጓንት ረስተው ተመለሱ

ለወንድሜ ለጌራርድ፣

እንዴት ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ እንዴት ነው? ኢዛ ደኅና ናት? ልጆቹስ? የካልጋሪ ብርድ እስከ ግንቦት አልለቀቀንም ብለህ ነበር፤ አሁን እንኳ ፀሐይ ሳታዩ አልቀራችሁም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እኔ አንድ መንጋጋዬን ከመነቀሌ በቀር ምንም አልሆንኩም። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ ግን የአባባ ነገር ሲነሣ ሁለታችንም ስለምንጮህ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። በወረቀት ቢያንስ አታቋርጠኝም።

«የሞተሩን ቁልፍ ውሰጂባቸው» ብለህ ነበር። ከዚያ ሆኖ ማዘዝ ቀላል ነው። አባባን ታውቃቸዋለህ። በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ የግራ ዓይናቸው ከከዳቸው ቆይቶ፣ ሐኪሙ እንዳይነዱ ሲነግራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው፣ ባለፈው ሐሙስ በቀይዋ ሞተር ከመንደር መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። እንደ ወትሮው እኔ ዘንድ አድረው በማግሥቱ ባሕሩ ጫፍ ላይ ወዳለችው ሄል ሊነዱ ነው። የዘንድሮው ልዩነት ብሩኖን የሚሉት የመንገድ ጓደኛቸው አለመኖሩ ነው። በረዶው ሳይቀልጥ እንደተቀበረ ጽፌልህ ነበር። ሁለቱ በየዓመቱ ቀኑ ሲረዝም ፊትና ኋላ ሆነው እስከ ባሕሩ ጫፍ ይነዳሉ፣ ዓሣ ይበላሉ፣ ሱረታቸውን ይስባሉ፣ ይመለሳሉ። ዘንድሮ ይቅርብዎት ስላቸው፣ «እኔ ብሞት ብሩኖን ይሄድልኝ ነበር» አሉ። ክርክሩም በዚሁ አለቀ።

ሞተሯን ግቢ ሲያስገቡ የታችኛዋ ጎረቤቴ ጌርትሩዳ እንደ ልማዷ መስኮቷ ላይ ትራስ አንጥፋ፣ ክርኗን አስደግፋ ታይ ነበር።

«አቶ ሌዮን! አሁንም በሞተር? እኔ እኮ አርፈዋል ብዬ ጸሎት ሳደርስልዎ ከረምኩ!»

«ጸሎትሽ ነዋ ያቆየኝ! ቀጥይበት!»

«ዓይንዎስ እንዴት ነው?»

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም ሲባል አልሰማሽም? የእኔ ልብ ጥርት ያለ ነው።»

«እንግዲህ ቀዩን መብራት ከአረንጓዴው ልብዎ ይለይልዎታላ!»

ደረጃውን ወጥተው ሲመጡ እኔ ከውስጥ ሆኜ እጄን ብዘረጋ፣ «በደፍ ላይ ሰላም አይባልም» ብለው ገፍተውኝ ገቡና ከዚያ ሳሙኝ። አባባ የሐኪም ቃል ይጥሳሉ እንጂ የደፍ ሕግ አይጥሱም።

ራት ሄሪንግ ዓሣ በእርጎ ክሬምና ድንች ሰጠኋቸው። ጨው በዛበት አሉ፤ ሳህናቸው ላይ ግን ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ቁልፉ ከሱረት ቀንዳቸው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አደረ። እጄን ብዘረጋ ይደርስ ነበር፤ አልዘረጋሁም። አንተ ይህን ፍርሃት ትለዋለህ። እኔ ግን ያንን መንደር አውቀዋለሁ፤ ሞተሯን ካጡ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም እንኳ የሰው ደጅ መጥናታቸው ነው። ለአባባ ይህ ከሞት አይሻልም። በከተማው ባቡር በትራም ተገጭተው ቢሞቱስ፣ ሰው ገጭተው ቢገድሉስ እያልኩም ስገላበጥ ነበር። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አቃተኝና ነጋ።

ጠዋት እንቁላላቸውን በሉ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ሄዱ። የሞተሯን ድምፅ እስከ ድልድዩ ሰማሁት። ዕቃ ላጥብ ውሃ እንዳሞቅሁ ድምፁ ተመልሶ መጣ፤ በጣም ቀስ ብሎ። ደረጃውን ሲወጡ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው።

«ጓንቴን ረሳሁ» አሉ።

ጓንታቸው እጃቸው ላይ ነበር። ሁለቱም።

ወንበር ሳብኩላቸው። የረሳውን ሊወስድ የተመለሰ ሰው ቁጭ ብሎ እስከ ዐሥር ሳይቆጥር ከወጣ መንገዱ አይቀናውም እያለች እማማ ስንቴ ከትምህርት ቤት መንገድ መልሳ እንዳስቀመጠችን አትረሳም። አባባም ሄልሜታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው መቁጠር ጀመሩ። ከንፈራቸውን አያለሁ። ዐሥርን አለፉ። ሃያንም አለፉ። ከዚያ ከንፈራቸው ቆመ፤ እሳቸው ግን አልተነሡም። እኔ የታጠበውን ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ።

«ትራሙን አላየሁትም» አሉ በመጨረሻ። «ከግራ መጣ። ደወሉን ሲያንጫርረው ነው ያወቅሁት። ነጂው ሰደበኝ፤ ደግ አደረገ።»

«ሰው ነበር?»

«አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ነበር። እሷን ያየኋት ካለፍኳት በኋላ ነው።»

አንተ ብትኖር «አላልኩም?» ትል ነበር። በዚያች ሰዓት እዚህ ባለመኖርህ ደስ አለኝ፤ አትቀየመኝ። እኔ ሻይ ቀዳሁላቸውና ወደ ሄል በባቡር እንሂድ አልኳቸው።

«በባቡር ስመጣ ቢያይ ብሩኖን መቃብሩ ውስጥ ይስቅብኛል» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ መንጃ ፈቃድ ነበረሽ አይደል?»

«አባባ! ከነዳሁ እኮ ዘመን ሆነኝ!»

«ፈቃዱም አልሞተ፣ አንቺም አልሞትሽ። ተነሺ።»

ከጎተራው ጀርባ ያስተማርከኝ አንተ ነህና ጥፋቱ ግማሹ ያንተ ነው። የጌርትሩዳን የልጅ ልጅ ሄልሜት ተውሼ፣ አባባን ከኋላ አፈናጥጬ ወጣሁ። ጌርትሩዳ ከትራሷ ላይ ሆና «እንኳን ሹፌር ቀጠሩ!» ብላ ጮኸች። «ደመወዝ አልከፍላት!» አሉ አባባ።

ኮብልስቶኑ ላይ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ጠፍታ ቆመችብኝ። እስከ ግዲኒያ ድረስ የኋላውን ብረት ጨብጠው፣ ማርሽ ቀይሪ፣ ከጭነት መኪናው ራቂ፣ መንገዱ የአባትሽ ነው እንዴ እያሉ ጆሮዬን በሉት። ፑትስክን ካለፍን በኋላ ዝም አሉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። ባሕሩ በሁለቱም ጎን ሲታይ ብረቱን ለቀው ሁለቱን እጃቸውን ወገቤ ላይ አደረጉ። ያኔ አለቀስኩ። ሄልሜት ለብሶ ማልቀስ እንደማያመች ግን ልንገርህ፤ አፍንጫ መጥረጊያ የለም።

ሄል ላይ የተጠበሰ ዓሣ በላን። ሱረታቸውን ሳቡ፤ ከዚያ የብሩኖንንም ድርሻ ሳቡና ሲያስነጥሱ የሰው ሁሉ ውሻ ጮኸ። ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ መንደር ተመለሱ። ሞተሯ እኔ ግቢ ናት። ከእንግዲህ እሑድ እሑድ እየነዳሁ ሄጄ ቤተ ክርስቲያን አፈናጥጬ እወስዳቸዋለሁ፤ ይህን አውቀው እሺ ብለዋል፣ ማለትም አልተሳደቡም።

ቁልፉን አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ነው የሰጡኝ። ይህንንም አሉ፦ «ለጌራርድ ጻፊለት። ማንም አልወሰደብኝም፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት።» እኔም እንዳሉኝ ጻፍኩልህ። ስትደውልላቸው እባክህ ስለ ዓይናቸው አትጠይቃቸው። መንገዱ እንዴት ነበር በላቸው።

ኢዛን ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖኛል። ሉሲያ ፈተናዋን እንዳለፈች ሰምቼ ደስ ብሎኛል፣ ጎበዝ በላት። ትንሹን ቲመንን ሁለቱን ጉንጮቹን፣ ድመቷንም ሳይቀር ሳሙልኝ። ጌርትሩዳም ሰላም ብላሃለች፤ አንተም ስትመጣ በመስኮቷ ስር እንድታልፍ ትጠብቅሃለች።

እህትህ ሬጊና
ግዳንስክ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2019