በሰሞኔ የተውኩት ጠብታ

ኅዳር 9 ቀን 1974
ገብስ አበራየን። ነፋሱ ጥሩ ነበር። እብቅ ቀኝ ዓይኔ ገባ፤ ባለቤቴ አመለወርቅ በነጠላዋ ጫፍ አወጣችልኝ። ቆረቆረኝ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ኅዳር 17
ዓይኔ ስለባሰብኝ ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ተቀብዬ ደሴ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ዛሬ መካነ ሰላም ቤቴ ገባሁ። ዓይንዎ ሻግቷል አሉኝ! እንጀራ ሲሻግት አውቃለሁ፣ ዓይን ግን...
ጠብታ ተሰጠኝ፤ ቀን ቀን በየሰዓቱ። ሐኪሙ፣ “ሲገባ ያቃጥልዎታል፣ ያቀላል፣ ነጭ ዝቃጭም ይተዋል። ያ የመድኃኒቱ ነው፣ በጥጥ ይጥረጉት። ሕመሙ ከባሰ ግን ቶሎ ይምጡ” አለ።
ቄስ ያለ ዓይን በምን ይቀድሳል?

ኅዳር 18
ያቃጥላል። ዝቃጩም አለ። ሰውዬው አልዋሸም።

ኅዳር 19
ጠብታው ጉሮሮዬ ላይ መረረኝ። ዓይንና ጉሮሮ ይገናኛሉ እንዴ? ከነገ ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ሰሞነኛ ቀዳሽ ነኝ። ምሬቱን ውጬ መቅደስ ልገባ? ጾም መሻር አይሆንም? ሰው መጠየቅ አፈርኩ። ሰሞኔ እስኪያልቅ ከቅዳሴ በኋላ ብቻ ላደርገው።

ኅዳር 23
ከቅዳሴ ስወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እስኪመሽ ሦስቴ አደረግሁ። አመለወርቅ፣ “አንቱ፣ በየሰዓቱ አላለዎትም?”
“ሰሞነኛ ነኝ።”
ጠብታውን ከእጄ ተቀብላ አስቀመጠችው።

ኅዳር 25
ብርሃን ይወጋኛል። ያቃጥላል ብሎ የለ... መድኃኒቱ ይሆናል።

ኅዳር 27
አመለወርቅ ነጩን በጥጥ ጠረገች። ደግማ ጠረገች። ጥጡ ንጹሕ ነው።
“ዝቃጭ አይደለም። ዓይንዎ ላይ ነው ያለው።”
ፈራሁ።

ኅዳር 28
ወደ ደሴ ከመነሣቴ በፊት ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ገብርኤል ነገርኳቸው። ተቆጡ።
“ለታመመ ማን ጹም አለው? ሰሞንህን ለሌላ ቄስ ሰጥተህ መድኃኒትህን አታደርግም? ምነው አንድ ቀን ብትጠይቀኝ!”
ቤታቸው ከቤቴ አጥር ቀጥሎ ነው።

ጥር 14፣ ዓርብ
ሻጋታው ቆሟል፣ ጠባሳው ግን አይለቅም አለ ሐኪሙ። ጠብታው እስከ የካቲት ይቀጥላል። በቀኙ ዓይኔ በርና መስኮት እለያለሁ። ፊደል አልለይም። ከእንግዲህ የማነበው በግራው ነው።
የዛሬውን ቅዳሴ ለቄስ ንጉሡ ሰጠሁ። ጠዋት አመለወርቅ ጠብታውን አደረገችልኝ። ጉሮሮዬ ላይ መረረኝ።
ዋጥኩት።