በማይበላ ዓሣ ላይ ስለ ተጣለው ቀረጥ

ለተከበሩ የቀረጥ ምደባ ክፍል ኃላፊ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከሚባልበት በር በስተጀርባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ መሥሪያ ቤትዎ ማኅተም የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ማመልከቻዎቻችን ማንም የማይነካው ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከሕንፃዎ ሁለት መንገድ ዝቅ ብላ በምትገኝ ባለ ሦስት ወንበር ጸጉር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ራስ ሳገላብጥ የኖርኩ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ስለ ራስ ጥቂት አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ አበው ስለ ዓሣና ስለ አናቱ የተረቱትን እዚህ ጠቅሼ ክብርዎን አልነካም።

በጸጉር ቤቴ ጥግ አንድ የዓሣ ገንዳ አለ፤ ከገንዳው መስታወት ፊት ለፊት ደግሞ የሰማንያ አንድ ዓመት እናቴ ትቀመጣለች። መርሳት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ቤት ትቻት ስመጣ እየወጣች ትጠፋብኝ ስለነበር ሥራ ቦታ ይዣት መዋል ጀመርኩ። በኋላ አንድ ደንበኛዬ ቤት ሲለቅ ገንዳውን ከነዓሦቹ ሰጠኝ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከወንበሯ ተነሥታ የትም አልሄደችም። አሥራ ሁለቱን ዓሦች «ጎረቤቶቼ» ትላቸዋለች፤ ቀኑን ሙሉም ታጫውታቸዋለች።

በዚህ ብርድ መግቢያ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት የገንዳው ማሞቂያ ተቃጠለ። ትልቅ ነገር እንዳይመስልዎ፤ ከማበጠሪያዬ የማይረዝም፣ ውስጡ ሽቦ ያለው የመስታወት ዘንግ ነው። ዓሦቹ የሞቃት አገር ስለሆኑ ውሃው ከቀዘቀዘ ያልቃሉ። ወደ ሻጩ በረርኩ። ዋጋውን በራስ ልንገርዎ፣ እኔ ሁሉን የማሰላው በራስ ነውና፤ አርባ ሦስት ራስ! መላጣ ያልተቀላቀለበት፣ አርባ ሦስት ሙሉ ጸጉር። «ምነው ወንድሜ፣ ከወርቅ ነው እንዴ የተሠራው?» ስለው፣ ጣቱን ወደ እርስዎ ሕንፃ ቀስሮ «እኔን አትየኝ፤ ዋጋው የሚሞቀው እዚያ ነው» አለኝ።

ደግነቱ፣ ባሕር ማዶ ያለች እህቴ ብርዱን አስባ ከወር በፊት በፖስታ የላከችልኝ መለዋወጫ ማሞቂያ እናንተ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። እንግዲህ በማግስቱ ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ የመስኮት አራትን መዳቢ አመሰግናለሁ። ወፍራም መጽሐፍ ሲያገላብጥ ቆይቶ ቀና አለና «ዓሦቹ ይበላሉ?» አለኝ። እኔም ስለ መኗቸው የጠየቀኝ መስሎኝ «አዎ፣ በቀን ሁለት ጊዜ» አልኩት። «እነሱን አይደለም! አንተ ትበላቸዋለህ ወይ?» ብሎ ተቆጣ። «ኧረ ምን በወጣኝ! የእናቴ ጎረቤቶች ናቸው» አልኩ። ለሚበላ ዓሣ የሚሆን ዕቃ ግብርና ስለሆነ ቀረጥ እንደሌለው፣ ለሚታይ ዓሣ የሚሆነው ግን ቅንጦት እንደሆነ በትዕግሥት ካስረዳኝ በኋላ ከሽቶና ከአልማዝ ቀለበት ጎን መደበኝ። ዓሣን የጠበሰ ዜጋ በነጻ እንደሚያልፍ፣ የወደደ ግን እንደሚቀጣ የተረዳሁት በዚህ ዓይነት ነው።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ኤሌክትሪክ ነውና በመስኮት ዘጠኝ ለተደረገለት የጥራት ፍተሻ አመሰግናለሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰው መነጽራም ባለሙያ ሶኬቱን ሲያነሣ «ወንድሜ፣ ያለ ውሃ አይሰካም፤ ይኸው ሥዕሉም አለበት» አልኩት። «የምንፈትሸው እኛ ነን ወይስ አንተ?» ብሎ ሰካው። እስከ ስድስት ቆጠርኩ። ሰባት ላይ ጧ አለ። ባለሙያው ሳይደናገጥ ስብርባሪውን በወረቀት ጠቅልሎ፣ «የጥራት ደረጃውን አያሟላም» የሚል ማኅተም መታበትና ቀረጡን እንድከፍል ወደ መስኮት አራት መለሰኝ። ከፈልኩ። ቅንጦት ካላችሁት አይቀር ጌጥ ይሁነኝ ብዬ ስብርባሪውን ከነማኅተሙ ግድግዳዬ ላይ ሰቅየዋለሁ።

ሦስተኛ... ቁጥሩን ልተወውና የሆነውን ልንገርዎ።

ዘጠኝ ቀን ውሃውን በጠርሙስ አሞቅነው። ለጢም የማሞቀውን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞላን ገንዳው ላይ እናንሳፍፋለን፤ በየግማሽ ሰዓቱ እንቀይራለን። ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ሥራ ተሰጠው። ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ቴርሞሜትሩን እያነበበ ይጮኻል፤ የታክሲ ሹፌሩ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ ጎፈሬ እንደሆነ ጠርሙስ ይዞ ይሮጣል። በአራተኛው ቀን ትልቁ ግራጫ ዓሣ ሞተ። እናቴ ብዙ አየችውና «ይሄ ጎረቤቴ ምነው ተኛ?» አለች። መልሱን እርስዎ ካወቁት በሁለት ቅጂ ይላኩልኝ።

በሰባተኛው ቀን አንድ ደንበኛ ገብቶ ተቀመጠ። ጨርቁን አንገቱ ላይ አስሬ፣ አገጩን አረፋ ቀብቼ፣ ምላጬን ካነሣሁ በኋላ ነው በመስታወቱ ውስጥ የለየሁት፤ መስኮት ዘጠኝ! እሱም ለየኝ። ክቡር ሆይ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እጄ እንደዚያን ቀን ረግቶ አያውቅም፤ እንደ እንቁላል አድርጌ ላጨሁት። ከምላጭ ሥር የተቀመጠ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያሳየውን ትሕትና ቢያዩ ግን ምላጭን ለዘላለም ከቀረጥ ነጻ ባደረጉት ነበር።

ሊወጣ ሲል እናቴ ጠራችው። «አንተ ልጅ፣ ቆመህ ከምታየኝ ያን ጠርሙስ ቀይርልኝ።» እጅጌውን ሰብስቦ ቀየረ። ሌላውንም ቀየረ። ከዚያም «እማማ፣ ሰው ሞልቶ ለምን ከዓሣ ጋር ያወራሉ?» አላት።

«ሰውማ ‹ነግረሽናል› ይለኛል» አለችው። «እነሱ አንድም ቀን ብለውኝ አያውቁም።»

እኔም የዚያኑ ዕለት ጠዋት ሁለት ጊዜ «ነግረሽኛል እኮ!» ብያት ነበር።

ባለሙያው እስኪመሽ ጠርሙስ ሲቀይር ዋለ። በማግስቱ ማሞቂያውን የሰበረው እሱ መሆኑን አምኖ፣ የእነዚህ ዕቃዎች ምደባ እንደገና ይታይ ሲል ማስታወሻ ጻፈልዎ። እርስዎም በአረንጓዴ ቀለም «ዓሦቹ የሚሰጡት አገልግሎት በሕክምና ማስረጃ ይረጋገጥ» ብለው መለሱለት፤ እሱንም ወደ መጋዘን አዛወሩት። ማሞቂያውን በመጨረሻ የገዙልኝ ደንበኞቼ ናቸው፤ የመጪውን ወር ጸጉር አስቀድመው ከፍለው። የሒሳብ መምህሩ አናቱ እንደ መዳፌ የጠራ ሆኖ ሳለ የሁለት ወር ከፈለ።

አሥራ አንዱ ዓሦች ደኅና ናቸው። እናቴም ደኅና ናት፤ የልጅነቷን የጎርፍ ታሪክ ዛሬ ለአራተኛ ጊዜ ስትጀምር መቀሴን አስቀምጬ «እሺ፣ ከዚያስ?» አልኳት።

ይህን ሁሉ ላስተማሩኝ ለእርስዎ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ከትከሻዬ ላይ የሰው ጸጉር እያራገፍኩ እጅ እነሣለሁ።

ምንጊዜም ቀረጥ ከፋይዎ፣
የባለ ሦስት ወንበሯ ጸጉር ቤት ባለቤት

ማስታወሻ፦ ቀረጤን ልከፍል ስመላለስ በመግቢያ አዳራሻችሁ የቆመውን ግዙፍ የዓሣ ገንዳ ሳላደንቅ አላለፍኩም። ማሞቂያው ይሠራል፣ ማጣሪያው ያንጎራጉራል፣ መብራቱም ቀን ተሌት ይበራል፤ ዓሣ ብቻ የለበትም። ጥበቃውን ብጠይቀው «በጀት መዝጊያ ላይ የተገዛ ነው፤ ዓሣ በዕቅዱ አልተያዘም» አለኝ። የሚበላ የሌለበት፣ የሚታይም የሌለበት ገንዳ በየትኛው አንቀጽ እንደሚመደብ ለማወቅ ያህል ነው።