ፊቴን ለኮሎኔል ቅልጡ ስለሰጡልኝ

ለተከበሩ የአሻንጉሊት ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅና የ«ሻለቃ አይበገሬ» ባለ ሥዕል መጽሔት የበላይ ጠባቂ፤

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ በተለይ ደግሞ ያንን የተመቸው ፊትዎን ከእሳት፣ ከእንፋሎትና ከቀለጠ ፕላስቲክ ይጠብቅልኝ። እኔ፣ በቅርጽ ማውጫው ማሽን ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩት የቀድሞ ፈረቃ መሪ፣ ግማሹ ፊቴ አልስቅ ከማለቱ በስተቀር ደህና ነኝ። በጋዜጣ ላይ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ በእጄ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ እንቅልፍ ስለወሰዳቸው ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ፋብሪካችን የፕላስቲክ ወታደሮች ይሠራል፤ በየወሩም የእነዚሁኑ ወታደሮች ጀብዱ የሚተርክ መጽሔት ያሳትማል። የወታደሮቹ ሰውነት ሁሉ ከአንድ ቅርጽ የሚወጣ ሲሆን የሚለያየው ራሳቸው ብቻ ነው፤ ራሱም ቀጭ ብሎ ይገባል፣ ቀጭ ብሎ ይወጣል። ራስ ሲቀረጽ ከሠራተኛ ፊት መውሰድ የቤቱ ልማድ ነው። የጦሩ ሐኪም የዘበኛችንን ጢም ይዟል፤ ጀግናው ሻለቃ አይበገሬ ደግሞ፣ በአጋጣሚ ይሁን በመመሪያ እንጃ፣ የእርስዎን አገጭ ይዟል፤ ያውም ሁለተኛው አገጭ ተቀንሶለት።

ባለፈው ወር እትም አዲስ ጠላት ብቅ አለ፦ ኮሎኔል ቅልጡ። የግራ ጉንጩ እንደ ሻማ ወርዷል፣ የግራ ዓይኑ ሽፋን ተጣብቋል፣ ጆሮው ተኮማትሯል። ክቡርነትዎ፣ እኛም ቤት መስታወት አለ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ሹመቴ። በሃያ ሁለት ዓመት ከፈረቃ መሪነት ፈቀቅ ያላልኩትን ሰውዬ በአንድ እትም ኮሎኔል አድርገውኛል። ከጀግናው ከሻለቃው በማዕረግ መብለጤ ግን ለክብርዎ እንዳይከብድ እሰጋለሁ።

2ኛ/ ስለ ፎቶግራፎቹ። ያኔ ፊቴ በማሽኑ ላይ ተቃጥሎ ፋሻው ሲፈታልኝ፣ ለጉዳት መዝገብ ነው ተብዬ ከፊት፣ ከግራና ከቀኝ ሦስት ፎቶ ተነስቼ ነበር። ለካሳ ሦስት አቅጣጫ ምን ያደርጋል ብዬ ገርሞኝ ነበር። ለካ ሦስት አቅጣጫ የሚፈልገው ቀራጩ ኖሯል! እሱው ራሱ ቤቴ መጥቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ፎቶዎቹን ከእጅዎ እንደተቀበለ ነግሮኛል። ካሳው ግን እስካሁን ከየትኛውም አቅጣጫ አልመጣም።

3ኛ/ ስለ ታሪኩ። በስድስተኛው ገጽ ኮሎኔል ቅልጡ ጓደኞቹን በሚነድ መጋዘን ቆልፎባቸው ሲሸሽ እሳቱ ከኋላ ደርሶ ፊቱን ያቀልጠዋል፤ ሻለቃ አይበገሬ ደግሞ እሳት ውስጥ ዘልሎ አንዲት ነርስ ተሸክሞ ይወጣል። ግሩም ድርሰት ነው፤ እጅዎን ይባርከው። እኔ የማስታውሰው ግን ትንሽ ይለያል። መከለያው በየዙሩ አራት ሰከንድ ይፈጃል ብለው ከማሽኑ ላይ ያስፈቱት እርስዎ ነበሩ። የጋለው ፕላስቲክ ሲፈነዳ ፊት ለፊቱ የቆመችው የማሸጊያ ክፍሏ ሠራተኛ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ነበረች። እሷን ገፍትሬ በቦታዋ የቆምኩት እኔ ነኝ። ለጉብኝት ወርደው አጠገባችን የነበሩት ክቡርነትዎ ደግሞ አንድ እግር ጫማዎን ጥለው ከሁሉ ቀድመው በሩ ላይ ደርሰዋል። ብዋሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው እንዳልል፣ አንዱን እርስዎ ቀድመው አድርገውታል፤ ይልቅ ዘበኛው ይመስክር። ያቺን ጫማ በማግሥቱ በፌስታል ለጸሐፊዎ አስረክቧል፤ እሷም ፈርማ ተቀብላለች።

በሪፖርቱ ላይ «የሠራተኛው ቸልተኝነት» ተብሎ ሲጻፍ፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ለካ ይነቅዛል።

ለሚቀጥለው ጉዳይ ግን ተራ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። የስድስት ዓመት የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነኝ። ይህንን ፊት ፈርታው አታውቅም፤ ቀን እንቅልፍ ሲወስዳት እንኳ ጠባሳዬን በጣቷ እየተከተለች ነበር። ባለፈው ሳምንት ልጆቹ በትምህርት ቤቱ በር ላይ «ኮሎኔል ቅልጡ መጣ!» ብለው ተንጫጩ። እጄን ለቅቃ አሥር እርምጃ ቀድማኝ ሄደች። ቤት ደርሳ ጫማዋን እየፈታች፣ «አባባ፣ ጓደኞችህን ቆልፈህባቸው ለምን ሸሸህ?» አለችኝ። እኔ አልሸሸሁም ብላት፣ መጽሔቱን አምጥታ ስድስተኛውን ገጽ አሳየችኝ። የእርስዎ ታትሟል፣ የእኔ አልታተመም፤ ምን ልበላት? አንጀቴ ተቃጠለ፤ እሱን ደግሞ ፎቶ ያነሳው የለም።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። በሚቀጥለው እትም፣ በዚያው በስድስተኛው ገጽ፣ ማን እንደገፈተረና ማን እንደሮጠ ይሣልልኝ። ልጅቷ ፊደል እየለቀመች ስለምታነብ ጽሑፉ በትልልቁ ይሁን።

ለአገጭዎ፣ ለድርሰትዎና ከሁሉም በላይ ለእግርዎ ፍጥነት ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በመጪው ፍንዳታ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንዲጠብቅዎ ከልቤ እመኛለሁ።

ትዕዛዝዎን በማክበር ግማሽ ፊቱን የገበረው፣
የቀድሞው ፈረቃ መሪ፣ የአሁኑ ኮሎኔል

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ለልጅ ልጄ አነበብኩላት። ሄዳ የሻለቃውንና የኮሎኔሉን አሻንጉሊቶች አመጣችና ራሳቸውን ቀጭ ቀጭ አድርጋ ነቀለች። የእኔን ራስ በሻለቃ አይበገሬ ሰውነት ላይ ገጥማ መስኮቱ ላይ አቆመችኝ። የእርስዎን ራስ በኮሎኔሉ ሰውነት ላይ ከመግጠሟ በፊት ግን መቀስ ፈልጋ አንድ እግር ጫማውን ቆርጣ ጣለች። አሁን እኛ ቤት በሩ አጠገብ ነዎት፤ ስንወጣ ስንገባ እንዳንረግጥዎ እንጠነቀቃለን።