እህቴ ሳትደርስ ስለተነሣው የመጨረሻ መስመር

ለከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊና ለዓመታዊው የበጎ አድራጎት ሩጫ አዘጋጅ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ባለፈው ወር የክብር እንግዳውን ስም ከነማዕረጋቸው በድምፅ ማጉያ ዘጠኝ ጊዜ ሲጠሩ የደከመው ጉሮሮዎ እስካሁን እንደዳነ ተስፋ አደርጋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት አንተ ስልዎ የኖርኩ ሰው ዛሬ በአንቱታ ስጽፍልዎ ቅር እንዳይልዎ እለምናለሁ። አንተ የምለውን ሰው በሩጫው ዕለት በቦታው ፈልጌ አጥቼው ነው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ሩጫው አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እኔና እርስዎ የጀመርነው በክሊኒኩ ግቢ ያለችው የማገገሚያ ክፍል እንዳትዘጋ ብለን ነው፤ ስትሮክ የመታቸውና አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች እንደገና መራመድ የሚማሩት እዚያ ነው። እኔ ቅየሳ የማስተምር ሰው በመሆኔ መንገዱን በመለኪያ ጎማ ሁለት ጊዜ ለካሁት፤ እርስዎ ከኋላዬ በኖራ ምልክት ያደርጉ ነበር። መነሻው የገበያው አደባባይ፣ መጨረሻው የክፍሏ በር ሆነ። ቢጫ ሰደርያ ለብሼ ከመጨረሻው ሰው ኋላ የምሄደውም እኔው ስለሆንኩ ከተማው «ጅራቴ» ይለኛል፤ ከዲግሪዬ ይልቅ የምኮራበት ማዕረግ ነው። ሕጋችንም አንዲት ነበረች፦ ጅራቱ ሳያልፍ መስመሩ አይነሣም።

ይህችን ሕግ ያወጡት እርስዎ ነዎት። በመጀመሪያው ዓመት፣ ሰው ሁሉ ከጨረሰ ከአርባ ደቂቃ በኋላ፣ ጡረተኛው ፖስተኛ አባትዎ በረገፈው ቅጠል መሐል ዱላቸውን እየተከሉ ሲመጡ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ጠብቆ አጨበጨበላቸው። እርስዎም ዓይንዎን በእጅጌዎ እየጠረጉ «ከእንግዲህ ማንም ይሁን ማን ይጠበቃል» አሉ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማው የእርስዎ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ. የመጨረሻውን መስመር ከክፍሏ በር አንሥተው ከጽሕፈት ቤትዎ ደረጃ ሥር ስለተከሉት አመሰግናለሁ። የክሊኒኩ መንገድ በዚህ ወቅት በበሰበሰ ቅጠል ስለሚሸፈን፣ የክብር እንግዳው ጫማ እንዳይቆሽሽ ታስቦ መሆኑን ጸሐፊዎ አስረድታኛለች። መነሻውን በዚያው ልክ ወደ ኋላ መግፋት ግን የተዘነጋ ይመስላል። በማግስቱ ጎማዬን ይዤ ወጥቼ ብለካው መንገዱ አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። «የከተማችን ክብረ ወሰን ተሰበረ» ብለው ማወጅዎን ሰምቻለሁ፤ የሰበረው ወጣቱ ሯጭ ሳይሆን የጎደለው ሦስት መቶ ሰማንያ ሜትር መሆኑን በአክብሮት አሳስባለሁ።

፪ኛ. በግማሽ መንገድ ስደውልልዎ ስልክዎን ስላነሡ አመሰግናለሁ። ታላቅ እህቴን ያውቋታል፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለመጀመሪያው የሥራ ፈተናዎ የለበሱትን ሱሪ የቆረጠችልዎ እሷ ናት፤ ያኔ ከሲታ ስለነበሩም ወገቡን ሁለት ጊዜ አጥብባዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ግራ ጎኗን ያዛት። በዚያች ክፍል፣ በሁለት ብረቶች መካከል፣ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ለመድረስ አምስት ወር ፈጅቶባታል። ዘንድሮ «እትዬ፣ አንቺስ አትመዘገቢም?» ብዬ ስቀልድባት ከመሳቢያዋ የተሳታፊ ቁጥር አውጥታ አሳየችኝ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ቁጥሩንም «መርፌ ቁልፍ የሰነፍ ነው» ብላ በደህና እጇ ከሹራቧ ጋር በክር ሰፋችው።

ስደውልልዎ ከተነሣን አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ሆኖን ነበር። እንደምትዘገይ ነገርኩዎ። እርስዎም ቃል በቃል «ኧረ ጅራቴ ምን ነካህ! ያንተ እህት የኔም እህት አይደለች እንዴ? እስከ ማታም ቢሆን እንጠብቃለን» አሉኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለነበር እሷም ሰማችው። ቀና አለች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ ከዚያም የማገገሚያ ክፍሏ ባለሙያ እንዳትቸኩል ያስጠነቀቀቻትን ረስታ ቀደመችኝ። ከዚያ በኋላ እየሳቀች ስለተራመደችው አንድ ኪሎ ሜትር እውነተኛ ምስጋናዬን ይቀበሉ። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

፫ኛ. ቃልዎን ለአርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስለጠበቁ አመሰግናለሁ። ከዚያ በኋላ የክብር እንግዳው ሌላ ስብሰባ ስለነበረባቸው፣ እርሳቸውን ደግሞ እስከ መኪናቸው መሸኘት ስለሚገባ፣ ሸኝቶ መመለስም ስለሚያደክም፣ መስመሩ ተነሣ። እኛ ስንደርስ ልክ አሥራ ሁለት ደቂቃ አልፎ ነበር። የሩጫው ሰዓት ቆጣሪ ጠፍቷል፤ የብረት አጥሩ መኪና ላይ ተጭኗል፤ በአየር የሚነፋው ትልቁ ቅስት መሬት ላይ ተዘርግቶ አንድ የቀን ሠራተኛ አየሩ እንዲወጣ ተቀምጦበታል። እህቴ «ልጄ፣ መጨረሻው የት ነው?» ብትለው ብድግ ብሎ ኮፍያውን አወለቀና «ይቅርታ እማማ፣ ይኸው ነበር፤ አንሡ ተብለን ተቀምጬበት ነው» አላት። በዕለቱ ከእርስዎ ወገን ይቅርታ የጠየቀን ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ለምክትል ሰብሳቢነት እጠቁመዋለሁ።

እኔ «በቃ እትዬ፣ ታክሲ ልጥራ» አልኳት። እሷ ግን የወደቀውን ቅስት ትንሽ ካየችው በኋላ «የክፍሉ በር ቦታው ላይ ነው አይደል? እሱን እንኳ የሚጠቀልለው የለም» አለችና ወደ ክሊኒኩ መንገድ ታጠፈች። እርጥቡ ቅጠል እያንሸራተታት ሁለት ጊዜ ክንዴን ይዛለች። እሑድ ስለነበር በሩ ተቆልፏል። በግራ እጇ፣ በታመመው፣ ነካችው። ከተነሣን ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ሆኖን ነበር። የክሊኒኩ ዘበኛ ከወንበሩ ተነሥቶ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ብቻውን አጨበጨበላት።

፬ኛ. በመጨረሻም ውጤቱ በማግስቱ በጽሕፈት ቤትዎ ሰሌዳ ላይ ስለተለጠፈበት ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። በስድስተኛው ገጽ ግርጌ «ቁጥር 412፦ አላጠናቀቀችም» ይላል። እኔ በሙያዬ የምተማመነው በልኬት ብቻ ነው፤ ልኬቱ የሚለው ደግሞ በዚያ ቀን አምስት ኪሎ ሜትሩን ያጠናቀቀችው ቁጥር 412 ብቻ መሆኗን ነው። ሌሎቹ ሯጮች በዚህ አይወቀሱም፤ ቁሙ የተባሉበት ቦታ ቆመዋል። ዝርዝሩን የፈረመው ሰው ግን ቀድሞ ኖራ ይዞ ከኋላዬ የመጣ፣ አምስት ኪሎ ሜትር የት እንደሚያልቅ ከእኔ እኩል የሚያውቅ ሰው ነው።

ወረቀቱን ባታየው ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። አንዲት ጎረቤት በስልኳ ፎቶ አንሥታ አመጣችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ማክሰኞም ሆነ ዓርብ፣ ወደ ክፍሉ አልሄደችም። ስጠይቃት «ማኅተም ያለበት ወረቀት አልጨረሰችም ካለ አልጨረስኩማ» ትለኛለች እንደ ቀልድ፤ እግሯ ግን እንደገና መጎተት ጀምሯል። ባለሙያዋ ወር ከደፈነች በሁለት ዓመት ያገኘችውን መልሳ ላታገኘው እንደምትችል ነግራኛለች። እስካሁን ድረስ እርስዎ ደውለው አልጠየቋትም። ሥራ እንደሚበዛብዎ እረዳለሁ።

የምለምንዎ አንዲት መስመር ነው። «ቁጥር 412፣ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ፣ አጠናቃለች» ብለው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አድርገው እስከ ፊታችን ዓርብ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጥፉልኝ። የይቅርታ ንግግር አያስፈልግም፤ ሲናገሩ ሰምተናል። አበባ ይዘው እቤቷ እንዲመጡም አልጠይቅም። ሰዓቱን ከተጠራጠሩ የእጅ ሰዓቴን፣ ርቀቱን ከተጠራጠሩ ጎማዬን ይዤ በፈለጉት ጠዋት እመጣለሁ። መንገዱን አብረን እንለካዋለን፤ ኖራውን ግን በዚህ ጊዜ እኔ እይዛለሁ።

የሥልጣን ዘመንዎ የተቃና፣ የክብር እንግዶችዎ ጫማ ዘወትር ንጹሕ፣ ደረጃዎ ዝናብ የማይነካው ይሆን ዘንድ እየተመኘሁ፣ ለሠላሳ አራቱ ዓመት ከልብ በመነጨ፣ አሁን ግን በሚገባ በተለካ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞ ወዳጅዎ፣
የቅየሳ መምህሩ፣ የቁጥር 412 ወንድም

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእህቴ አነበብኩላት። «ረዝሟል፤ እዚህ ጋ ቁረጠው» ብላ ስለ እርስዎ የጻፍኳቸውን ሦስት ቃላት አስወጣችኝ፤ ከዚያም ቀኑን ጠየቀችኝ። ማክሰኞ ነበር። ጫማዋን አቀብዬ አብረን ወደ ክፍሉ ሄድን፤ እርስዎ እንዳልጠበቋት ሁሉ እሷም የእርስዎን ማስተካከያ አልጠበቀችም። ለመጪው ዓመት ሩጫ ለመመዝገብ ወስናለች፤ ከዘንድሮው ትፈጥናለች ብዬ ግን ዋስ አልሆንም። ስለዚህ ሰው እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅን ለመለማመድ እርስዎ አንድ ሙሉ ዓመት አለዎት። እዚያ ክፍል መቆም ያቃተውን ሰው በትዕግሥት የሚያስተምሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ከፈለጉ ተራ ላስይዝልዎ እችላለሁ።