በግድግዳ ሰዓት ስለተፈተኑት የካሜራ ድንጋዮች

ለተከበሩ የግዢ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወንበርዎና የማኅተምዎ ቀለም በመልካም ሁኔታ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የመሥሪያ ቤቱ ፎቶ አንሺ ደህና ነኝ፤ ካሜራው ግን እርስዎ የመረጡለትን ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪ ድንጋዮች ከጎረሰ ወዲህ ሁለት ፎቶ አንሥቶ ዐይኑን ይጨፍናል። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ምስጋናዬ ፋይል ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር ሰግቼ ነው።

1. እኔ በትሕትና ሁለት ሺህ የሚል የኃይል መጠን የተጻፈባቸውን፣ ተቀምጠው ኃይላቸውን የማያፈሱትን አራት ድንጋዮች ብጠይቅም፣ ኮሚቴዎ ዘጠኝ ሺህ ከሁለት ሺህ እንደሚበልጥ በሙሉ ድምፅ ወስኖ ልባሳቸው ላይ ዘጠኝ ሺህ የታተመባቸውን ስለመረጠልኝ አመሰግናለሁ። በሒሳቡ አይታማም። አታሚው የጨመረው ቀለም እንጂ ኃይል አለመሆኑን ያወቀው ካሜራው ብቻ ነው።

2. ኮሚቴው ድንጋዮቹን በስብሰባ አዳራሹ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ ከቶ፣ ሰዓቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይቆም በመቅረቱ፣ ሰባት አባላት የፈረሙበት «ለካሜራ ብቁ ናቸው» የሚል ቃለ ጉባኤ ማውጣቱ እጅግ አስደንቆኛል። ሰዓት ወር ሙሉ የሚቀምሰውን ካሜራ ከነፍላሹ በአንድ ጉርሻ እንደሚጨርሰው ላስረዳዎ ሁለት ጊዜ በርዎ ላይ ብቆምም ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስብሰባው ሰዓቱን ለማየት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

3. ከአራቱ ሁለቱን ለቢሮዎ ሪሞት ወስደው በምትካቸው ሁለት የአምና አሮጌዎች ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። አሮጌዎቹ አዲሶቹን ይዘዋቸው ወደቁ።

4. በዚህኛው መቀለድ አልቻልኩም። ሰኞ የመዝገብ ቤቷ እትዬ የጡረታ ሽኝት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሁላችንን ጉርድ ፎቶ በየፋይላችን የለጠፉት እትዬ፣ ከእኛ ጋር የተነሡት አንድም ፎቶ የላቸውም፤ በትልቁ ታጥቦ ግድግዳቸው ላይ እንዲሰቀል ስለፈለጉም የስልክ ፎቶ አይሆንም ብለዋል። ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ የእህታቸውን ሻርፕ ተውሰው መጡ። የመጀመሪያው ፎቶ እርስዎ ንግግር ሲጀምሩ ተነሣ፤ ሁለተኛው እርስዎ ንግግሩን ሲቀጥሉ። እትዬ መሃል ሲገቡ ካሜራው ጠፋ። ግዴለም ልጄ ብለው ትከሻዬን ቸብ ሲያደርጉኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እትዬ ሐሙስ ጠዋት ቁልፍ ሊያስረክቡ ይመጣሉ፤ ከዚያም ጠቅልለው ልጃቸው ወዳለችበት ሩቅ ከተማ ይሄዳሉ። ስለዚህ እስከ ረቡዕ ድረስ አራት አንድ ዓይነት አዳዲስ ድንጋዮችና እያንዳንዱን ለየብቻው የሚሞላ ቻርጀር እንዲፈቀድልኝ፣ ፍተሻውም እባክዎ በካሜራው እንዲሆን፣ እጅ ነሥቼ እለምናለሁ።

በሁለት ፎቶ የሚደክም ካሜራ ተሸክሞ እርስዎን ማክበር የማይደክመው፣
የመሥሪያ ቤቱ ፎቶ አንሺ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ንግግርዎን ጨርሰው ሲቀመጡ፣ ተሸኚዋ የትኛዋ እንደሆኑ አጠገብዎ የነበሩትን መጠየቅዎን ሰምቻለሁ። አምና ፋይልዎ ጠፍቶ ሹመትዎ ሊሰረዝ ሲል፣ ሁለት ቀን አቧራ ላይ ተንበርክከው ያገኙልዎ እሳቸው ናቸው። ሐሙስ ከጎናቸው ቦታ ይዤልዎታለሁ፤ ንግግር ግን ይዘው እንዳይመጡ።